ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ሥላሴ ሰፈር ደጃችን ላይ የምትቆመው አሮጌ ሂሉክስ ፒካፓችን ቤተሰቡን ለሁለት ከፍላለች። ባለቤቴ «ሽጣት» ትላለች፤ እኔ አመነታለሁ። እውነቷን ነው፤ በአንድ ዓመት ፍሪሲዮኗ ተለወጠ፣ ባሌስትራዋ ተሰበረ፣ ሞተሪኖዋ ታሰረ። ለልጆች ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብ ሶማሌ ተራ ገብቶ ቀረ። ነገር ግን የምንበላው እሷ ከምትጭነው ዕቃ ነው።

ጎበዝ መካኒክ በመጀመሪያ ጭሱን ያያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በቅጡ አለመቃጠሉን ይናገራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው፣ አየሯ በሳሳው ከተማችን ዳገት ለሚወጣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ይህ ብርቅ አይደለም። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ታይቶ የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ያሰጋል። የእኛዋ ጭስ ጥቁር ነው። ፍሪሲዮንና ባሌስትራም ቢሆኑ ሥራ የሚበላቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ሞተር አይገድሉም።

ብትሸጥስ በምን እንተካታለን? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ የአሮጌም ዋጋ አይቀመስም።

ስለዚህ ትቆይ አልኩ። ነጭ ጭስ የታየ ዕለት ግን ትሸጣለች፤ ሕመሟም ከገዢው አይደበቅም። ባለቤቴ አንድ ነገር ጨመረች፦ «ከእንግዲህ ጥገናዋን ራሷ ሠርታ ትክፈል፤ የልጆቹ ገንዘብ አይነካም።» በዚህ ተስማማን።