ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ለሚጓዝ ሰው

ስለ ታይላንድ ጉዞ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚነሣን ጎብኚ በማሰብ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለመዝናናት ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ወደ ባንኮክ የሚያቀና ኢትዮጵያዊ የሚያስፈልገውን አንዳንዱን ነገር ጨርሶ አያነሡም። የቢጫ ወባ ክትባት ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። ታይላንድ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሽታው ያሰጋቸዋል ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች የሚመጡ መንገደኞች ዓለም አቀፉን የክትባት ምስክር ወረቀት፣ ማለትም በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን፣ እንዲያሳዩ ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ ስላለበት፣ በመጨረሻው ሳምንት ሊታሰብ የሚችል ጉዳይ አይደለም። ካርዱ የሚታየው ፓስፖርት ከመመርመሩ በፊት ስለሆነ፣ ከሻንጣ ጋር ለአየር መንገዱ ያስረከበው ሰው እንዳልያዘው ይቆጠራል። ከሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የውጭ አገር መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት ይጠበቅበታል፤ አገልግሎቱ በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ለዚህ ቅጽ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ የመንግሥት አለመሆኑን መረዳት ይገባል።

ኢትዮጵያዊው ተጓዥ ከአገሩ ይዞት የሚሄደው ልማድ በከፊል ይጠቅመዋል፣ በከፊል ግን ያሳስተዋል። ቴራቫዳ የተባለው ጥንታዊው የቡድሃ እምነት ዘርፍ በሚከበርባት በታይላንድ፣ «ዋት» ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማውን ደጅ ለሚተው ሰው ሊነገረው የሚገባ ነገር አይደለም። የሚያሳስተው ሌላው ነው። ካህን ሲያገኙ ቀርቦ መስቀል መሳለም የለመዱ እናት፣ ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ መነኩሴ ሲያዩ በአክብሮት ለመቅረብ ቢቃጡ አይፈረድባቸውም፤ ይሁን እንጂ በታይላንድ ሴት መነኩሴን መንካት ቀርቶ፣ ዕቃ በቀጥታ ከእጅ ወደ እጅ ልታቀብለው እንኳ አይፈቀድላትም። ስጦታ ያመጣች ሴት ስትቀርብ መነኩሴው ከፊቱ ጨርቅ ይዘረጋል፣ እርሷም ያመጣችውን በጨርቁ ላይ ታኖራለች፤ መነኩሴውም ከዚያ ያነሣዋል። እንዲሁም የማያውቁትን ልጅ ራስ መዳበስ በኢትዮጵያ የፍቅር፣ አንዳንዴም የምርቃት ምልክት ሲሆን፣ በታይላንድ ግን ራስ የተከበረ የሰውነት ክፍል ነው ተብሎ ስለሚታመን ድፍረት ሊሆን ይችላል፤ በአንጻሩ እግር ዝቅ ያለው ክፍል ስለሆነ በቡድሃ ምስል ፊት እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው። የንጉሡን ስም በተመለከተ ጉዳዩ ከነውርነት ያልፋል፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 የንጉሣዊውን ቤተሰብ ክብር የሚነካ ንግግር ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል፣ የውጭ ዜጋም አይቀርለትም።

በመጓጓዣም የአገር ቤት ብልሃት ኪሳራ ያስከትላል። ከላዳ ሹፌር ጋር ዋጋ ተከራክሮ «ኮንትራት» መያዝ የለመደ ሰው በባንኮክም ሳይሳፈር መከራከር ይቀናዋል፤ እዚያ ግን ታክሲው በሜትር፣ ማለትም ርቀቱን እየለካ ሒሳቡን በሚያሳየው መሣሪያ፣ መሄዱ ለተሳፋሪው ይበጃል፤ አስቀድሞ የሚቀርብ ዋጋ ብዙ ጊዜ ሜትሩ ከሚያወጣው ይበልጣል። በታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው» እያለ የሚቀርብ ቅን መሳይ ሰው፣ ከዚያም በርካሽ ዋጋ ከተማውን አዞራለሁ የሚል የቱክቱክ ነጂ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሹፌር፣ ካጋጠመ፣ የጉዞው መጨረሻ የከበሩ ድንጋዮች ሱቅ እንደሚሆን መጠርጠር ይገባል፤ የቤተ መንግሥቱን መከፈትና መዘጋት በሩ ድረስ ሄዶ ማየት ይሻላል።

ጾመኛ ለሆነ መንገደኛ የታይላንድ ምግብ ከላይ ሲታይ የተመቸ፣ ሲመረመር ግን አስቸጋሪ ነው፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ ከዓሣ በሚዘጋጅ መረቅ ወይም በተፈጨ ሽሪምፕ ሊጣፍጥ፣ «ሥጋ የለበትም» የተባለውም እንቁላል ሊገባበት ይችላል። መፍትሔው «ጄ» የሚባለውን ምግብ መፈለግ ነው፤ ይህ ማናቸውንም የእንስሳት ውጤት፣ ከዚያም አልፎ ነጭና ቀይ ሽንኩርትን ጭምር የሚከለክል ሥርዓት ነው፤ ምግብ ቤቶቹም ቢጫ መደብ ላይ በቀይ ቀለም በተጻፈና 17 ቁጥርን በሚመስል ፊደል ይለያሉ። ሐላል ምግብ የሚሻ መንገደኛ ደግሞ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት በደቡቡ ክፍል ብዙም አይቸገርም።

የአየሩ ጠባይ በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅና ለዘብ ያለ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ለደጋ ሰው የሚከብድ ሙቀት፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት ዝናብ ይሆናል፤ ኮ ሳሙይ ደሴት ግን ዋናው ዝናቧ ዘግይቶ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወርድ፣ በክረምታችን ወራት ከፑኬት ደሴት ይልቅ እርሷ ትመረጣለች።

በሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖር የለመደው ኢትዮጵያዊ በታይላንድ ሦስተኛ ይጠብቀዋል። የቡድሃ ዘመን ከጎርጎርዮሳዊው በ543 ዓመት ይቀድማል፤ የእ.ኤ.አ. 2025 በዚያ 2568 ነው። ይህ ለሕክምና ለሄደ ሰው ከወሬ ያለፈ ትርጉም አለው፤ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የማብቂያ ጊዜው 2570 ተብሎ ቢታተም 2027 እ.ኤ.አ. ማለት ሲሆን፣ «70» የሚሉት ሁለት አኃዞች ብቻ ከታተሙ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ፋርማሲስቱን እዚያው ጠይቆ በእ.ኤ.አ. ማስጻፍ ያስፈልጋል።