የአዳዲ ማርያም ኮረኮንች

ብስክሌት ካላችሁ፣ ወይም ብስክሌቱን የሚያውሳችሁ ጓደኛ ካላችሁ፣ አንድ መንገድ ልጠቁማችሁ። ከዓለም ገና ተነሥታችሁ የቡታጅራን አስፋልት ትይዛላችሁ። ዳገትና ቁልቁለቱ እየተፈራረቀ አዋሽ ወንዝ ድረስ ይወስዳችኋል። እዚያ መልካ ቁንጡሬ አለ። ወንዙን ተሻግራችሁ ከአስፋልቱ በስተቀኝ የሚገነጠለውን ኮረኮንች ስትይዙ፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ አዳዲ ማርያም ትደርሳላችሁ። ወደ አስፋልቱ ተመልሳችሁ ወደ ደቡብ ከቀጠላችሁ ደግሞ ጢያ ትክል ድንጋይ አለላችሁ። ሳትቸኩሉ በሁለት ቀን ይሄዱበታል። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ደኅንነት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ብስክሌት የልጆች ጨዋታ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ሀገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደ ነበሩ ንገሩልኝ።

እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ጢያ አልደረስንም። ለምን እንዳልደረስን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ውሸቴን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከወጣቶች ኅብረታችን አምስት ሆነን ነበር የሄድነው። ጥር ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል፣ አፈሩ ደርቆ ዱቄት መስሏል። ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ዓለም ገና ደረስን፣ ጸለይን፣ ከዚያ እኔ ጎማ ልነፋ ቁጢጥ አልኩ። ከመካከላችን የብስክሌት ዐዋቂ ተብዬው እኔ ነበርኩ። ዕውቀቴ ግን ከሁለት ዓመት ግልቢያና ከጥቂት ቪዲዮ አያልፍም። ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል የሚል ሰምቼ ስለ ነበር የሁሉንም እንደ ድንጋይ እስኪሆን ነፋሁት። የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች የሆነው ጓደኛዬ የራሱን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፣ “ይሄ አልበዛም? ኮረኮንች አለ ብለህ አልነበር?” አለኝ።

“ልኩ ይሄ ነው፤ አንተ ኪቦርድህን ተጫወት” አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

አስፋልቱ ላይ ልክ ነበርኩ። መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ ገና ፀሐዩ አልበረታም። እዚያ ያሉት የሣር ክዳን ጎጆዎች ሙዚየም ናቸው፤ በውስጣቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። ከድንጋዮቹ መካከል ጥቁር መስታወት የሚመስለው ባልጭ አለበት፤ ምንጩ እዚያው አቅራቢያ ባልጪት ነው። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የተገኘው የእግር ዱካ ነው። ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ ዱካው 700,000 ዓመት ገደማ የቆየ ሲሆን የአዋቂዎች ብቻ ሳይሆን የሕፃናትም አለበት። ትልልቆቹ መሣሪያ እየጠረቡ፣ ጉማሬ እየበለቱ፣ ትንንሾቹ ጭቃው ላይ በመካከላቸው ይንጎራደዱ ነበር ማለት ነው። ያ ጭቃ ደርቆ ተቀብሮ ይህን ሁሉ ዘመን ጠበቀው። ጓደኛዬ የጫማውን ዱካ አፈሩ ላይ አተመና፣ “ለ700,000 ዓመት ይቆይልኝ” አለ። ነፋሱ ወዲያው አጠፋበት።

ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ፍጥነታችን ግማሽ ሆነ። በዳገቱ ላይ ከኮርቻችሁ አትነሡ፤ ክብደታችሁ ከኋላ ጎማው ላይ ሲነሣ ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። ይህን ሳናውቅ ሁለታችን ወርደን ገፋን። የመንደሩ ልጆች እየሳቁ ከጎናችን ሮጡ፣ ቀደሙንም።

አዳዲ ማርያምን ከሩቅ አታዩአትም። ጠጋ ስትሉ ዐለቱ ዙሪያውን ወደ ታች ተጠርቦ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከእግራችሁ በታች ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የአካባቢው ሰው የሚያሠራው ለንጉሥ ላሊበላ ነው፤ ዛሬም ይቀደስበታል። በር ላይ ያገኘናቸው ቄስ ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ስንነግራቸው፣ “ጴንጤዎች!” ብለው ሳቁና፣ “ጫማ ማውለቁ ለሁሉም ነው” አሉን። አወለቅን። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ የመጥረቢያው ምት በግድግዳው ላይ በእጅ ይዳሰሳል። ስንወጣ በጣሳ ውሃ ሰጡን፤ መንገዱንም ባረኩልን።

የወደቀው በመልሱ ነው። አንድ ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መታጠፊያው ላይ ጠጠሩ ተከማችቷል። እኔ ቀድሜ ወርጄ ነበር። የብረት ድምፅ ሰምቼ ስዞር አቧራ ብቻ ነው ያየሁት።

ምን እንደ ሆነ አሁን ልንገራችሁ፤ ያኔም ገብቶኛል። ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፣ መሬቱንም በሰፊው ይይዛል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ግን በየጠጠሩ እየነጠረ መሬቱን ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ላይ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሠሩም። ስለዚህ ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ስትገቡ ውረዱና ጥቂት አየር ልቀቁ። በጣም አታላሉት፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያውን ይቆርጠዋል። ፍሬንንም ከመታጠፊያው በፊት ያዙ፤ መታጠፊያው ውስጥ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው ወዳቂ ነው። ጓደኛዬ የነጠረ ጎማ ሲያስደነግጠው የፊቱን ያዘ።

መንገዱ ዳር ተቀምጦ ትከሻውን ይዞ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ሦስቱ ገና ከኋላ ናቸው፤ ከጉብታው ማዶ ድምፃቸው ይሰማኛል። ብስክሌቱን አነሣሁ። የፊት ጎማው ምንም አልሆነም፣ እንደ ድንጋይ ነው። የጠዋቱ ሳቅ ትዝ አለኝ። ቆቡን ፈትቼ የቫልቩን እምብርት በጥፍሬ ተጫንኩት፤ ፍስስ ብሎ ወጣ።

ሲደርሱ፣ “ጎማው ተንፍሶ ነው” አልኳቸው።

ጭድ የጫነ አይሱዙ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ሹፌሩ ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም አለ። አዲስ አበባ ራጅ ሲነሣ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የምትሄደው አጥንት ተሰብራለች፤ እጁ ታሰረ። የመጋቢቱ ኮንፈረንስ ያለ ኪቦርድ አለፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ካላማዳሪያውን ከሳምንት በፊት የገጠመለት የሰፈራችን ጎሚስታ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ። የጓደኛዬ እናት ብስክሌቱን እኔን አስይዘው ሄዱበት። “አሮጌ ሸጠህ ልጄን ልትገድልብኝ!” አሉት። ልጁ ምንም ሳይል ካላማዳሪያውን አወጣ፣ ነፋው፣ ሳህኑ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጥግ እስከ ጥግ አዞረው። አንድ አረፋ አልወጣም። “እማማ፣ ይሄ ምንም የለውም” አለ። እሳቸው አልሰሙትም። እሱ ግን ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ የብስክሌቱን መሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ወደ ሌላ ጎሚስታ መሄድ ጀመረ።

ሚያዝያ ላይ ጓደኛዬ በኅብረታችን ምስክርነት ሰጠ። ቁልቁለት ላይ ጎማው ተንፍሶ እግዚአብሔር እንዴት እንዳተረፈው ተናገረ። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አልኩ።

በተከታዩ ጥር ጢያ ሊያየኝ ይገባል ብሎ የጎተተኝ እሱ ነው። ሁለታችን ብቻ ሄድን። ጢያ 36 ሐውልቶች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። ብዙዎቹ ላይ ጫፋቸው ወደ ታች የሆነ ሰይፎች ተቀርጸዋል። ሥራቸው መቃብር ነው፤ ተቆፍረው ከተገኙት መካከል ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች ይገኙበታል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ጓደኛዬ ትከሻውን ሳያስበው ዳሰስ አደረገ። ሲያመው ይሁን ልማድ ሆኖበት አልጠየቅሁትም። አስጎብኚው ራቅ ሲል ነገርኩት። ቆቡን፣ ጥፍሬን፣ ሁሉንም።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ “ምስክርነት ስሰጥ ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጥከው” አለኝ።

“አዎ።”

“ለእኔስ እሺ፤ ጎሚስታውስ?”

መልስ አልነበረኝም። ብስክሌቱ ላይ ወጣና ቀደመኝ፤ እስከ አዋሽ ድረስ ጀርባውን ብቻ እያየሁ ተከተልኩት። የጀመሪያው ብዙ ዳገት እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ለእናቱ ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ፤ እኛ ከኋላ። ጎሚስታው ጋ ሲደርሱ፣ “ልጄ፣ በድዬሃለሁ” አሉት። የእኔ ተራ ሲደርስ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ፤ “እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት” ብቻ አልኩ።

“ውሃው ነግሮኝ ነበር” አለኝና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ስለ አጣቸው ደንበኞች አንዲት ቃል አልተናገረም። የጓደኛዬን ብስክሌት ወደ ራሱ ስቦ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቆቡን ፈትቶ ጥቂት አየር ለቀቀላት።