ተዘቅዝቃ የተለጠፈችው

ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ከጋለሪ ልባረር ነበር። (የመጀመሪያው ሰበብ ቆሎ ነበር። ቆሎው የኔ አልነበረም።)

የዛሬው ጥፋቴ መተንፈስ ነው። የገጣሚውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክ ሥራዎች ተሰቅለዋል ሲባል እረፍት ወስጄ ሄድኩ። የስሙን ግዝፈት ይዤ ግድግዳ የሚያክል ነገር ጠብቄ ነበር። «የየዋህነት መዝሙሮች» የተባለው የግጥም መጽሐፉ ገጾች ግን ቁመታቸው 11፣ ስፋታቸው 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስልኬ ትበልጣለች! እዚያች ላይ ግጥሙ አለ፣ እንደኛ ብራናዎች የሚጠመዘዝ ሐረግ አለ፣ ሐረጉ ውስጥ ጥፍር የማይሞሉ ሰዎች አሉ። ለማየት ተጠጋሁ፤ ተጠጋሁ፤ መስታወቱ ጉም ለበሰ። ጠባቂዋ «ሰር» አለችኝ። እዚህ ለንደን በዚያ ድምፅ «ሰር» ከተባልክ ተሰድበሃል።

አሠራሩን ሳነብ ነው ይበልጥ የቀናሁት። ሰውዬው አሲድ በማይበላው ቫርኒሽ ግጥሙን መዳብ ላይ ይጽፋል፤ ያውም ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንዲቃና። መዳቡን አሲድ ያጠጣዋል፤ ያልተቀባው ይበላል፣ የተቀባው ከፍ ብሎ ይቀራል። በዚያ ላይ ቀለም፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ መጫን። ሲወጣ ደግሞ በእጅ ይቀባል፤ ስለዚህ ሁለት ቅጂ አንድ አይሆንም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1787 የሞተው ታናሽ ወንድሙ ሮበርት ተገልጦ እንዳሳየው ይናገር ነበር። እኔ ዘንድ በሕልም የሚመጣ ዘመድ ብር ነው የሚጠይቀኝ።

ብቻ ደራሲው እሱ፣ ሠዓሊው እሱ፣ አታሚው እሱ። የማንንም ማተሚያ ቤት ደጅ አልጠናም!

እኔ ጠንቻለሁ። አዲስ አበባ፣ ስሙን ተዉት፣ አንድ ማተሚያ ቤት «ሰኞ ብቅ በል» እያለ ሦስት ወር አመላልሶኝ የግጥም መጽሐፌ ምረቃ ሁለት ቀን ሲቀረው 500 ቅጂ አስረከበኝ። የመጀመሪያውን ግጥም ገለጥኩ። «ልብሽን ስጪኝ» ያልኩት «ልብስሽን ስጪኝ» ሆኗል። ሰውዬው አየት አደረገና «ይኼም እኮ ያስኬዳል» አለኝ። የቄስ የልጅ ልጅ ነኝ እኮ!

ያለው አማራጭ የእርማት ወረቀት ነበር። ጣት የምታክል ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስደርጌ እኔ በመቀስ እቆርጣለሁ፣ እማዬ በዱቄት ሙጫ ገጽ 2 ላይ ትለጥፋለች። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀበሌም ስትሄድ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ቀና ብዬ ሳይ ከፊሉን ዘቅዝቃ ለጥፋዋለች። ጮኽኩባት። «አታይም እንዴ?» አልኳት።

ወረቀቷን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠቻት። «ላይኛው የቱ ነው ልጄ?» አለችኝ።

የደረስኩባቸውን ላጥኩ፤ ያልደረስኩባቸው እንዳሉ ወጡ። ምረቃው ላይ 11 ሰው መጣ፣ ድምፅ ማጉያ ያከራየንን ጨምሮ። ብሌክም በ1809 ወንድሙ ጄምስ ካልሲ ከሚሸጥበት ቤት ፎቅ ላይ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ሰው እምብዛም ዝር አላለለትም፤ በጋዜጣ የወጣለት አንድ ሒስ ቢኖር እሱም እብድ የሚለው ነው። እኔን የጻፈብኝም የለ። እንዴት ይታያችኋል፣ ሰደበኝ ብዬ እንኳ የምጠቅሰው ሐያሲ የለኝም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ብሌክ ሚስት ነበረችው፣ ካትሪን። በ1782 ሲጋቡ መዝገቡ ላይ ስሟን መጻፍ ስላልቻለች የኤክስ ምልክት አድርጋ ነው የፈረመችው። ማንበብና መጻፍ አስተማራት። ከዚያ ማተሙን አብራው አተመች፣ ገጾቹን ቀለም ቀባች፣ መጻሕፍቱን ጠረዘች። እነዚያ መስታወት ያስላሱኝ ቀለሞች የትኞቹ የሱ፣ የትኞቹ የሷ እንደሆኑ ማን ይለየዋል? ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ረጅም ጽሑፍ የደረሳት የመጨረሻው መስመር ነው። ተናደድኩ። ጠባቂዋን ጠርቼ «ይኼ ነው ፍትሕ?» ልላት ስል «ሰር» ትዝ አለኝና ተውኩት።

ቤት ገብቼ የራሴን መጽሐፍ አወረድኩ። «ምስጋና» የሚለው ገጽ። ለአሳቢ ጓደኞቼ። ለአስተማሪዬ። ለማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «ስላሳዩኝ ትዕግሥት»! ማን ነበር ታጋሹ? እማዬ የለችም። በሚቀጥለው ወር ሰባት ዓመቷ ነው፣ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ያንን ገጽ አንድም ቀን እንዲህ አላነበብኩትም።

የኔ ቅጂ ላይ እርማቷ ቀጥ ብላ ተለጥፋለች። ያኔ ለራሴ ያማረውን መርጬ ነዋ የወሰድኩት።

መጽሐፉ ያላችሁ፣ ሰባታችሁም፣ እባካችሁ ገጽ 2ን ገልጣችሁ እዩልኝ። ተዘቅዝቃ ካገኛችኋት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መጽሐፉን በሦስት እጥፍ ዋጋ እገዛዋለሁ። እንዳትልጧት ብቻ።