የጋሼ ቮልስ እና አምስተኛው ቡሎን

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የነጭ ቮልስ ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ መኪና ገዛህ እንዴ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አልገዛሁም። በመምህር ደሞዝ ቮልስ የሚገዛበት ዘመን እኔ ሳልወለድ አልፏል። መኪናዋ ጡረታ የወጡ የአንድ መምህራችን ናት፤ እዚህ ሚዛን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በዚሁ ይለፍ። ከጠያቂዎቹ መሐል ሦስት አራታችሁ ግን "ቸርኬዋ ተቀይሯል፣ የድሮው ምን ሆነ?" ብላችኋል። ዓይን አላችሁ። ይሄ ረጅም ጽሑፍ ለእናንተ ነው። መኪና የማይገዳችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ እለፉት፣ አልቀየማችሁም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ናት፣ ባለ 1300። በዚያን ጊዜ የቮልስ ቸርኬ የሚታሰረው በአምስት ቡሎን ነበር፣ ያውም በሰፊው። ቡሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ሳህን ስፋት በሉት። ቸርኬው መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው፤ መሐሉን የሚሞላው የፍሬኑ ታምቡር ራሱ ነው። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ግን አብዛኛው ቮልስ አራት ቡሎን ሆነ፣ ክቡም ወደ 130 ሚሊ ሜትር ጠበበ።

"ቮልስ ደሞ ምን ወግ አለው?" የሚል አይጠፋም። ፖርሽ 356ን በስልካችሁ ፈልጋችሁ እዩዋት። ያቺ ዛሬ ሀብታም የሚሻማባት የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ስትጀመር ከቮልስ ዕቃ ተውሳ ነው የተነሳችው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፣ 356 ደሞ የልጁ የፌሪ ሥራ ናት። ቡሎኗም ያው አምስት በ205 ነበር። ማለትም የጋሼ ቸርኬና የፖርሽ ቸርኬ የአክስት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 356ሲ ከዲስክ ፍሬን ጋር ስትመጣ ግን ፖርሽም ሰፊውን ክብ ትታ አምስት በ130 አደረገች። ልብ በሉ፣ የድሮው ቸርኬ ስላስጠላ አይደለም። ፍሬኑ ተቀየረ፣ ቸርኬው ተከተለ።

እንግሊዞችም ጋ ያው ነው። የኤምጂ እና የጃጓር የድሮ የስፖርት መኪኖች ባለ ራጂ ቸርኬ ነበራቸው፤ ራጂ የሳይክሉ ነው፣ ሌላ አይደለም። መሐሉ ላይ በአንድ ትልቅ ፍሬ ብቻ ነበር የሚታሰረው። ዛሬ ያንን አውጥቶ ባለ ቡሎን ቸርኬ ልግጠም የሚል ሰው ቸርኬ ገዝቶ ብቻ አይገላገልም፤ የሚቀመጥበትም መቀየር አለበት። በኤምጂቢ ላይማ የኋላው አክስል ርዝመት ራሱ ይለያያል።

ወደ ሚዛን ልመለስ። ጋሼ በቤቤቃ አቅጣጫ ትንሽ የቡና ማሳ አላቸው። ቁልቁለት ነው፣ ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ዝናቡን ደሞ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሦስት የልጅ ልጆች ከኋላ ወንበር ጭነው ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። በየወሩ ደሞ እትዬን ለስኳር ክትትላቸው አማን ሆስፒታል ይወስዳሉ። መኪናዋ ለጌጥ የቆመች አይደለችም፣ ትሠራለች። አንድ ቀን ጎሚስታው ጋ የተበሳ ጎማ ሲወርድ ሁለት ቸርኬ ላይ የቡሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ተገኘ። ላልቶ ብዙ መንገድ የተነዳ ቸርኬ እንዲህ ይሆናል፤ ቡሎኑ ሲወዛወዝ ቀዳዳውን ይበላዋል፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ቡሎኑ የበለጠ ይላላል። አንዱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ነበረች። አስቡት፣ ሦስት ሕፃን ከኋላ።

ባለ አምስት ቡሎን ቸርኬ ከሶማሌ ተራ ተፈለገ። ተገኘ፣ ግን የተገኘውም ያው የተበላ ነው። ስልሳ ዓመት የሠራ ብረት ከየት ደህና ሆኖ ይመጣል? ይሄኔ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ደወለ። ለሰርግ መኪና የሚያከራይ ገዢ አግኝቷል። ገዢው ሰፋፊ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከተገጠመላት መኪናዋን ባለችበት እወስዳለሁ ብሏል። በታምቡሩና በአዲሱ ቸርኬ መሐል ማገናኛ ሳህን፣ ስፔሰር የሚሉትን፣ ማስገባት ነው፤ ይኸው ነው። በብሩ ደሞ ጋሼና እትዬ አዲስ አበባ፣ እሱ አጠገብ፣ ይኖራሉ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ። እናቱ ስኳር አለባት፣ አባቱ ሰባዎቹን ይዘዋል፣ እሱ ሩቅ ነው። እኔም ብሆን ያንን ስልክ እደውል ነበር።

ጋሼ ከዚህ አገር መሄድ እንደማይፈልጉ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። እሳቸውም ስለ መሄድ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ ቸርኬ ብቻ ነው የጠየቁኝ። "አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ፣ ይሄ ማገናኛ የሚሉት ነገር ይይዛል?"

"ጋሼ፣ የትኛው? ፋብሪካ የሠራው ነው ወይስ እዚህ ቶርኖ ቤት የሚሠራው?"

"እዚሁ ነዋ። ልጁ ከአሉሚኒየም አወጣዋለሁ ብሏል።"

ቶርኖ ቤቱ ያለው ልጅ እጁ ወርቅ ነው፣ የቡና መፈልፈያ ዕቃ ሠርቶ ሲገጥም አይቻለሁ። ችግሩ እጁ አይደለም፣ ብረቱ ነው። ቀልጦ የተጣለ አሉሚኒየም ውስጡ ምን እንዳለ፣ የአየር ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው፣ ከላይ አይታይም። በዚያ ላይ ማገናኛ ሲገባ ማሠሪያው ሁለት ድርብ ይሆናል፤ አንዱ ሳህኑን ከታምቡሩ፣ ሁለተኛው ቸርኬውን ከሳህኑ። የመጀመሪያው ከቸርኬው ጀርባ ተደብቋል፣ ቢላላ ማን ያየዋል? ጎማውም በሳህኑ ውፍረት ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ ኋላ ሰው ሲጫን ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎውን ይልሳል። በደንብ የተሠራ ማገናኛ የለም አልልም፣ አለ። ለቤቤቃ ቁልቁለት ግን አልመክርም፤ ይሄንኑ ነገርኳቸው።

እና ሌላ መንገድ አለ። ቮልስ በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስትመረት ነበር። ያኔ መመረት ስታቆም በዓለም ላይ በጠቅላላው 21,529,464 ደርሳ ነበር። የኋለኞቹ ባለ አራት ቡሎን ናቸው፤ ስለዚህ የአራት ቡሎን ታምቡርም ቸርኬም ከሰፊው ይልቅ እንደ ልብ ይገኛል። ቸርኬውን ብቻ ሳይሆን ታምቡሩን፣ ሸራውን፣ ከኋላ ያለውን ሳህን ሁሉ አንድ ላይ መቀየር ነው። ፖርሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ በገንዘቧ ልክ።

የፊዚክስ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ እጅ እንደምታወጡ አውቃለሁ። "ቲቸር፣ ቡሎን ከቀነሰና ክቡ ከጠበበ አይደክምም?" አስሉት። አንድ ዓይነት የፍሬን ቶርክ ሲመጣ በአንድ ቡሎን ቦታ የሚደርሰው ኃይል ቶርኩ ለቡሎን ብዛትና ለራዲየስ ሲካፈል ነው። በድሮው አምስት ጊዜ 102.5 ሚሊ ሜትር፣ 512.5። በአዲሱ አራት ጊዜ 65፣ 260። የአራቱ ጫና እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ታዲያ ለምን ይችላል? ምክንያቱም ጎማውን የሚይዘው የቡሎኑ አንገት አይደለም። ቡሎኑ ቸርኬውን ታምቡሩ ላይ ሲጨቁነው የሚፈጠረው ሰበቃ ነው የሚይዘው። በልኩ የጠበቀ አራት፣ ከላላ አምስት ይበልጣል። የጋሼ ሞላላ ቀዳዳዎች ይሄን በደንብ ያስረዳሉ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ መጣ። ጋሼ ከፍለው ነው፤ ልጁ እንደተኮሳተረም ቢሆን ሶማሌ ተራ ዞሮ የመረጠው እሱ ነው። ቅዳሜ ከመካኒኩ ጋር ግቢያቸው ውስጥ ክሪክ አስገባን። የኋላው በአንድ ቀን አለቀ። የድሮው የኋላ ሸራ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፣ የአዲሱ 40 ነው፣ ለዚህ ነው የኋላ ሳህኑም አብሮ የሚቀየረው። የፊቱ ግን አስቸገረን። የውስጠኛው ኩሽኔታ ከዘንጉ ጋር አልተስማማም፤ መካኒኩ በካሊፐር ለክቶ ትክክለኛውን እስክናስመጣ ስምንት ቀን መኪናዋ በድንጋይ ላይ ቆማ ከረመች። "በመዶሻ ይገባል" ያለ ጎረቤት ነበር። ጋሼ መዶሻውን ወስደው ቤት ቆለፉበት።

የወደድኩትን ክፍል ልንገራችሁ። የቮልስ የኋላ ታምቡር በአንድ ትልቅ ባለ 36 ፍሬ ነው የሚታሰረው፣ ልኩም ወደ 30 ኪሎ ግራም በአንድ ሜትር ነው። ቶርክ መለኪያ ቁልፍ ማናችንም የለንም። ግን ሚዛን ላይ ሚዛን አይጠፋም! ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር የሚደርስ ቧንቧ ሰክተን አጋደምነው። ቧንቧው 4 ኪሎ ይመዝናል፣ የራሱ ክብደት መሐሉ ላይ ስለሚያርፍ ጫፉ ላይ እንደ 2 ኪሎ ይቆጠራል። ስለዚህ 28 ኪሎ ጀንፈል በቡና ሚዛን መዝነን በጆንያ ጫፉ ላይ ሰቀልን። ፍሬው እያቃሰተ ሄዶ ቆመ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ሳይገጥም ሲቀር ትንሽ ወደፊት ያጠብቋል እንጂ ወደኋላ አይመልሱትም፤ ይሄንን መካኒኩ ነው ያስተማረኝ። የልጅ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው ሲያዩ ነበር። ትንሿ "ቡናው ይሸጣል እንዴ?" አለች።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። በግራ የፊት ጎማ ያለው ዘንግ ጥርሱ በግራ ነው የሚዞረው፤ ሳያውቁ ቢታገሉት ይሰበራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሽቦም በዚያው በግራ ጎማ መሐል ነው የሚያልፈው፣ ክዳኑ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። የቀኙን ክዳን በግራ ከደፈናችሁ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይተኛል። ከገጠማችሁ በኋላም ትንሽ ነድታችሁ ቡሎኖቹን ድጋሚ አጥብቁ። እኛ አማን ደርሰን ተመልሰን አጥብቀናል፣ ሁለቱ ሩብ ዙር ሄደዋል።

ልጃቸው ለፋሲካ መጣ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ቸርኬውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ፣ "ገዢው ይሄንን አይወስድም" አለ። ጋሼ "እሺ" አሉ፣ እንዲያው እሺ ብቻ። ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ እትዬን ከኋላ አስቀምጠው ማሳውን ሊያዩ በቤቤቃ መንገድ ወረዱ፤ የነዳው ልጁ ነው።

ባለ አምስት ቡሎን ቮልስ ላላችሁ፦ ሦስት ደህና ቸርኬ፣ ቀዳዳው ያልተበላ፣ ጋሼ ግቢ አለ። ግሪስ ተቀብቶ ተቀምጧል። የድሮ ታምቡሮቹንም አልጣሉም፣ እነሱን ግን አይሸጡም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ፤ ዋጋውን ከእሳቸው ጋር ጨርሱ፣ ቡና ሳትጠጡ እንደማይለቋችሁ ግን ከወዲሁ እወቁ። ሁለቱን ሞላሎች ማንም እንዳይጠይቀኝ። እነሱ 11ኛ ክፍል ገብተዋል፣ ሰኞ ቶርክ እንጀምራለን።