ሚድዋይፍ መሆኔን የደበቅኩባቸው ዓመታት

ሚድዋይፍሪ ሲደርሰኝ አለቀስኩ። የፈለግኩት ሕክምና ነበር፤ ነጥቤ አልበቃም። ሰፈር ውስጥ «ምን ደረሰሽ?» ሲሉኝ «ጤና» ብዬ አልፋለሁ። እናቴ ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ «ዶክተር ልትሆን ነው» ስትል እየሰማሁ ዝም እላለሁ። አዋላጅ ሲባል ዐይኔ ላይ የሚመጡት ምላጭና ክር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚዞሩት የሰፈራችን አሮጊት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እሳቸውን ለመሆን ነው እንዴ እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ተመርቄ ገጠር ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አንድ የክትባት ቀን እናቶቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ አንዲት ወጣት ከበሩ ውጭ ቆማ ቀረች። ልጅ የያዘችው የወንድሟ ሚስት ናት፤ እሷ አብራ መጥታ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውኃ በኩባያ ሰጠኋት፤ ተቀብላ ያዘችው እንጂ አልጠጣችም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ጠጪ እንጂ» ስላት የወንድሟ ሚስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሲስተር፣ ተያት፤ ከጠጣች ይወርዳታል» አለችኝ።

ፌስቱላን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። ምጥ ሲጠና የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ በቀናት ውስጥ ተቀርፎ ቀዳዳ ይተዋል። ሽንት ያለፈቃድ መውረድ ይጀምራል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። ሴቲቱ እንዳይወርዳት ብላ ውኃ እንደምትተው ግን አስቤው አላውቅም። ውኃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ ቆዳዋን ያቃጥላታል፤ ሲብስም ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ነውሯን ለመሸሸግ የምታደርገው ነገር ሕመሟን ያብሰዋል።

ሪፈር ጽፈን ወደ ፌስቱላ ሆስፒታል ላክናት። ከወራት በኋላ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እየሳቀች መጣች። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አላወራችኝም። ደጋግማ ያነሳችው ሌላ ነገር ነው፤ «እዚያ የሚያስታምሙት እኮ እንደኔው የነበሩ ናቸው።»

ከእነዚያ አንዷ ስለሆኑት ስለ ማሚቱ ጋሼ አጥብቄ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ማሚቱ ገና በልጅነታቸው ምጥ ጸንቶባቸው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ ሰውነታቸው ተጎድቶ ወደ አዲስ አበባ የመጡ የገጠር ሴት ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ያከሟቸው አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ ናቸው። ሲሻላቸው ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አልጋ ከማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥለው በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆኑ። እያዩ ለመዱ፤ እጃቸው ተገራ። በመጨረሻ ራሳቸው ቀዳጅና ሰፊ ሆነው፣ ከውጭ ለሚመጡ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ያስተምሩ ጀመር። የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በወርቅ ሜዳሊያ አከበራቸው። የሕክምና ዲግሪ የላቸውም። እኔ ደግሞ ዲግሪዬን ይዤ በዲግሪዬ ስም አፍር ነበር።

ማርች 8 በመጣ ቁጥር የታላላቅ ሴቶች ስም ሲዘረዘር ንግሥት፣ ጸሐፊ፣ ሚኒስትር ይጠራል። ይጠሩ፤ ይገባቸዋል። የማሚቱን ስም ግን ከመድረክ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። የካትሪን ሃምሊንን ታሪክም «ነጭ ሐኪም መጥታ አዳነችን» ብለው ሲተርኩት ይከነክነኛል። ሴትዮዋ ያደረጉት ከዚህ ይከብዳል፤ ቢላዋውን ፊደል ላልቆጠረች ኢትዮጵያዊት አሳልፈው ሰጥተዋል። የትኛው ሐኪም ነው ይህን የሚደፍር?

ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1959 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት አዋላጅ ነርሶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ውላቸው የሦስት ዓመት ነው። የፌስቱላ ታማሚዎችን ሲያዩ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጅ በ1993 ሲያርፉ ዶክተር ካትሪን እዚሁ ቀሩ፤ በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስም ኢትዮጵያን አገራቸው አድርገዋት ኖሩ። ሆስፒታሉ ከ60 ሺሕ በላይ ሴቶችን አክሟል።

እኔን የለወጠኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። በዓለም ከታወቁት የፌስቱላ ቀዶ ሐኪሞች አንዷ የሆኑት ካትሪን በ2007 የከፈቱት የሚድዋይፎች ኮሌጅ ነው። የገጠር ልጆችን ተቀብሎ አሠልጥኖ ወደየአካባቢያቸው ይመልሳቸዋል። ስንት ሺሕ ቀዳዳ የሰፋች እጅ ዞራ ዞራ የደረሰችበት ይህ ነው፤ በሰዓቱ የተገኘች አዋላጅ ካለች የሚሰፋ ነገር የለም። እኔ የደበቅኩትን ሙያ እኚህ ሐኪም የመጨረሻ መልሳቸው አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ፓርቶግራፉን፣ የምጥ መከታተያ ቅጹን፣ የማየው በሌላ ዐይን ነው። ተራ ወረቀት ነው፤ ሠንጠረዥና ሁለት ሰያፍ መስመሮች። የሕፃኑን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ አዳምጬ እጽፋለሁ፤ የማኅፀን በር ስንት ሳንቲ ሜትር እንደከፈተ ነጥብ አኖራለሁ። ነጥቤ የማስጠንቀቂያውን መስመር ወደ ቀኝ መሻገር ሲጀምር አምቡላንስ እደውላለሁ። አምቡላንሱ ሌላ ወረዳ ነው ይሉኛል፤ እሟገታለሁ። ቤተሰቡ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ማርያም ትቀርባታለች» ይላል። ማርያምም ትቅረባት፣ መኪናውም ይቅረብ እላለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝም፣ አዋልዳለሁ እላለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሰው ተለይታ የምትቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የቀረች፣ ውኃ የምትፈራ ሴት በጎረቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ቤት ካለች፣ ሕመሟ እርግማን አይደለም፤ ይድናል። በሃምሊን ሆስፒታሎች ሕክምናው በነፃ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በሐረር፣ በይርጋለምና በመቱ ማዕከላት አሉት። እናንተ ጤና ጣቢያ ድረስ አምጡልን፤ የሪፈሩን ነገር ለእኛ ተዉት።