አጫጁ ሲበዛ የሚደንዝ ማጭድ

በእኛ በቀየት ገብስ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ሰው ሲበዛ አጨዳው ቶሎ ያልቃል። ቢትኮይን ግን የተገላቢጦሽ ደቦ ነው፤ አጫጁ ሲበዛ ማጭዱ ይደንዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ፤ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንዱ ያሸንፍና አዲስ የሒሳብ ገጽ (ብሎክ ይሉታል) ጽፎ ሽልማቱን ይወስዳል። በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ሥርዓቱ ፍጥነቱን አይቶ እንቆቅልሹን ያከብዳል ወይም ያቀላል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግ ስታግድ ክብደቱ በአንድ ጊዜ 28 ከመቶ ገደማ ወርዷል። ርካሽ መብራት ፍለጋ ከተሰደዱት መካከል ወደ እኛም የመጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ማይነሮች ጋር እንደተዋዋለ፣ አብዛኞቹም ቻይናውያን እንደሆኑ ብሉምበርግ ዘግቦ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ! የእኛ መብራት ስለተጨመረ ክብደቱ ይስተካከላል እንጂ የዓለም ቢትኮይን አይበረክትም። የሚወፍረው አጥሩ ነው። ከግማሽ በላይ ጉልበት የያዘ ሰው የከፈለውን ሰርዞ ያንኑ ገንዘብ ደግሞ ሊያወጣ ይችላላ። ጉልበቷ ትንሽ የሆነችው ኢቴሪየም ክላሲክ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ብቻ ሦስት ጊዜ ተመትታለች።

ስለዚህ መብራታችን የሰው አጥር ጠባቂ ሆኗል፤ ደመወዙም ዶላር ነው። ዶላሩን አንንቅም። መስመር ሳይዘረጋ መብራቱ መንደር አይደርስም የሚሉንንም እንሰማለን። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ለአዲስ ማይነር ቦታ የለኝም ብሏል። እስካሁን የገባው ዶላር መንዝ ተራራ ላይ ስንት ምሰሶ እንደተከለ ግን ተቆጥሮ ይነገረን።