የመፍትሔ ፍለጋ ዘዴ

ባሕረ ሐሳብን የተማርን ሰዎች መንገዱን ካልሳትን ከመልሱ እንደምንደርስ እናውቃለን። ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈን፣ ከቀሪው አንድ ለዘመን አትተን ወንበሩን እናገኛለን፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ካልሆነ ስሕተት ገብቷል።

ለጥያቄ ሁሉ ግን እንዲህ ያለ የተጠረገ መንገድ የለም። መንገዱ ሲጠፋ ፈላጊውን የሚመራው ዘዴ፣ «ማግኘት» ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ፣ ሂዩሪስቲክ ይባላል። ይመራል እንጂ ማድረስን አያረጋግጥም።

በሀንጋሪ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ በእኛ መለኪያ እንዲህ ነው፤ 9 ሊትርና 4 ሊትር የሚይዙ ሁለት ዕቃዎች ብቻ ይዘን ከወንዝ በትክክል 6 ሊትር እንዴት እናመጣለን? ልጆቻችን ወዲያው መቅዳትና መድፋት ይጀምራሉ (አዋቂዎችም ከዚህ አንሻልም)። ፖልያ ግን ከመጨረሻው ያስጀምራል። በሙሉው ትልቅ ዕቃ 6 እንዲቀር 3 ብቻ ወደ ትንሹ ይገልበጥ፤ እንግዲያው በትንሹ አስቀድሞ 1 ሊትር ይኑር። 1ስ ከየት ይመጣል? ከ9 ሁለት ጊዜ 4 ሲቀነስ!

ማታ ልጅ በደብተሩ ላይ ሲጨነቅ መልሱን የሚነግረው አባት የዚያችን ሌሊት ሥራ ብቻ ይጨርስለታል። «የተጠየቅኸው ምንድን ነው? የተሰጠህስ? ይህን የሚመስል ቀለል ያለ ጥያቄ ታውቃለህን?» ብሎ መጠየቅ ግን ፊደል ላልቆጠረች እናት እንኳ ይቻላታል። ከመጨረሻው መጀመር ካልሠራለት ሥዕል ይሣል፤ ያም እምቢ ካለ ደብተሩን አጥፎ ይተኛና ጠዋት ይመለስበት።